የወረደው ሁሉ ስብ አይደለም፦ ለ"21 ቀኑ" ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስልኬን በከፈትኩ ቁጥር ያ ጽሑፍ ይመጣል። በ21 ቀን ቦርጭን ስለማጥፋት የሚያወራው። መጀመሪያ የላከልኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ቀጥላ እህቴ ላከችው። ከዚያ ደግሞ ለዓመታት ሰላም ብሎኝ የማያውቅ የድሮ ጓደኛዬ "ይሄ ነገር እውነት ነው?" ብሎ ላከልኝ። እሺ ብዬ ቁጭ አልኩና ሁለቴ አነበብኩት። በመጀመሪያው ተናደድኩ። በሁለተኛው ግን ሰው ለምን እንደወደደው ገባኝ። ጸሐፊው አንባቢን አይሳደቡም፣ "የወፈርከው ሰነፍ ስለሆንክ ነው" አይሉም። ለዚህ ምስጋና ይገባቸዋል። ችግሩ፣ ከሚሉት ነገር አብዛኛው ልክ አይደለም።

ላላነበባችሁት በአጭሩ እንዲህ ይላል። ካሎሪ ተረት ነው፤ የሚያወፍረው ካርቦሃይድሬትና እሱ የሚቀሰቅሰው ኢንሱሊን የሚባለው ሆርሞን ብቻ ነው፤ ስለዚህ ዳቦ፣ ሩዝና ድንች ካቆማችሁ ሌላውን ያሻችሁን ያህል ብሉ። ምግብ መቀነስ ጭራሽ ያወፍራል፤ ምክንያቱም ሰውነት "ረሃብ ገባ" ብሎ ስብ ማከማቸት ይጀምራል። ቦርጭ በቀን 200 ሲትአፕ ይጠፋል። ላብ የሚቀልጥ ስብ ስለሆነ ሆድን በላስቲክ ጠቅልሎ መሮጥ ያፋጥነዋል። ከ30 ዓመት በኋላ ሜታቦሊዝም (ሰውነት ኃይል የማቃጠል ሥራው) ስለሚሞት እሱን ለመቀስቀስ ጠዋት ጠዋት ሙቅ ውሃ በሎሚ መጠጣት ግዴታ ነው። መጨረሻ ላይ በአንድ መስመር "በቂ እንቅልፍ ተኙ" ይላል። ለዚህ ሁሉ ማስረጃው የጸሐፊው የራሳቸው ሚዛን ነው። በመጀመሪያው ሳምንት 4 ኪሎ ወረድኩ ይላሉ።

ከዚህ 4 ኪሎ ልጀምር፣ ምክንያቱም ጽሑፉ በሙሉ የቆመው እሱ ላይ ነው። ዋሹ አልልም። ሚዛኑ 4 ኪሎ እንደወረደ አምናለሁ። ግን ምኑ ነው የወረደው? አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ውስጥ ወደ 7,700 ካሎሪ ገደማ አለ። 4 ኪሎ ስብ ማለት 30,800 ካሎሪ ነው፣ ለ7 ቀን ሲካፈል በቀን 4,400። አብዛኛው አዋቂ ደግሞ በቀን የሚያቃጥለው ከ2,000 እስከ 3,000 ነው። ማለትም ጸሐፊው ሳምንቱን ሙሉ አፋቸው ውስጥ ምንም ሳያስገቡ ቢውሉ ቢያድሩ እንኳ 4 ኪሎ ስብ ሊያጡ አይችሉም ነበር። እሳቸው ግን "እስክጠግብ እየበላሁ" ነው የሚሉት።

ታዲያ ምን ወረደ? በብዛት ውሃ ነው። ሰውነት ካርቦሃይድሬትን ግላይኮጅን በሚባል መልክ ጡንቻና ጉበት ውስጥ ያስቀምጣል። አዋቂ ሰው ላይ ይሄ ክምችት ግማሽ ኪሎ ገደማ ይሆናል፣ እያንዳንዱ ግራም ደግሞ ወደ 3 ግራም ውሃ ይዞ ነው የሚቀመጠው። ዳቦና ሩዝ ድንገት ሲቆም ጎተራው ይራገፋል፣ ውሃውም በሽንት ይሄዳል። በዚህ ላይ አንጀት ውስጥ ያለው ምግብ ያንሳል፣ ጨውም ከቀነሰ ሌላ ውሃ ይወጣል። ሁለትና ሦስት ኪሎ በዚህ መንገድ ሲሄድ ማየት የተለመደ ነው። አንድ ሠርግ ላይ በደንብ ከተበላ ደግሞ በማግስቱ ይመለሳል። ያኔ ሰውየው "በአንድ ቀን 2 ኪሎ ስብ ጨመርኩ" ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። ሲወርድም ሲወጣም ስብ አልነበረም።

ይሄን ያዙልኝ። ከዚህ በኋላ ከሚመጣው ስህተት ብዙው የዚሁ፣ የሚዛን ቁጥርን ስብ ነው ብሎ የማየት፣ ልጅ ነው።

አሁን ወደ ኢንሱሊን። ሐሳቡ ከምንም የመጣ አይደለም። ኢንሱሊን ስብ ከመጋዘኑ እንዳይወጣ ይይዛል፣ ካርቦሃይድሬት ደግሞ ኢንሱሊንን ከፍ ያደርጋል። እስከዚህ ድረስ ልክ ናቸው። "ስለዚህ ካሎሪ አይቆጠርም" የሚለው ዝላይ ነው የማይሆነው። ይሄ እኮ በወሬ ሳይሆን ሰው አስገብቶ በር ዘግቶ ተፈትኗል። በ2015 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) በወጣ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ጥናት፣ 19 ከመጠን በላይ ክብደት ያላቸው ሰዎች ሆስፒታል ውስጥ እየተቀመጡ፣ እያንዳንዷ ጉርሻ ተመዝና እየተሰጠቻቸው፣ አንድ ጊዜ ለስድስት ቀን ካርቦሃይድሬት ተቀነሰባቸው፣ ሌላ ጊዜ ለስድስት ቀን ቅባት። የተቀነሰው ካሎሪ እኩል ነው። ካርቦሃይድሬት ሲቀነስ ኢንሱሊን ወረደ፣ ልክ ጸሐፊው እንደሚሉት። ቅባት ሲቀነስ ግን አልወረደም። የሰውነት ስብስ? ካርቦሃይድሬት ሲቀነስ በቀን 53 ግራም፣ ቅባት ሲቀነስ 89 ግራም ጠፋ። ኢንሱሊን ብቸኛው በር ቢሆን ኖሮ ውጤቱ የተገላቢጦሽ መሆን ነበረበት።

ስድስት ቀን አጭር ነው ትሉኝ ይሆናል። ትክክል ናችሁ። ዓመት ሙሉ የቆየም አለ። በ2018 የታተመው የስታንፎርድ ጥናት 609 ሰዎችን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ካርቦሃይድሬት፣ ግማሹን ቅባት አስቀነሰ። ከ12 ወር በኋላ ቅባት የቀነሱት በአማካይ 5.3 ኪሎ፣ ካርቦሃይድሬት የቀነሱት 6.0 ኪሎ ወርደው ተገኙ። በመሃላቸው ቁም ነገር የሚባል ልዩነት የለም። የሚገርመው በየቡድኑ ውስጥ ያለው ልዩነት ነው፤ ከ20 ኪሎ በላይ የቀነሰ አለ፣ የጨመረም አለ። ምግቡ ሳይሆን ሰውየው ምን ያህል እንደጸናበት ነው የለያቸው ብዬ ነው እኔ የማነበው።

እዚህ ላይ ግን ለጸሐፊው አንድ ነገር ልልቀቅላቸው። በዚህ የስታንፎርድ ጥናት ማንም ካሎሪ ቁጠር አልተባለም። ስኳርና የተፈተገ ዱቄት ቀንሱ፣ አትክልት ብሉ ነው የተባሉት፤ ሳይቆጥሩ ነው ያነሰ የበሉት። ስለዚህ "ካልኩሌተር ይዞ ማዕድ ላይ መቀመጥ ሰው ያሳብዳል" የሚሉት ለብዙ ሰው እውነት ነው። ካርቦሃይድሬት መቀነስም ለብዙ ሰው ይሠራል፣ ምክንያቱም ኬኩና ለስላሳው አብሮ ይሄዳል፣ ረሃቡም ጋብ ይላል። በ2019 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ 20 ሰዎችን ለሁለት ሳምንት ፋብሪካ ውስጥ እጅግ የተቀነባበረ ምግብ፣ ለሁለት ሳምንት ደግሞ ያልተቀነባበረ አበላቸው። የቀረበላቸው ስኳር፣ ቅባትና ጨው ተመጣጣኝ ነበር፣ የፈለጉትን ያህል እንዲበሉም ተፈቅዷል። በፋብሪካው ምግብ ጊዜ በቀን 500 ካሎሪ ገደማ አብልጠው በሉ። ካሎሪ ሒሳቡ ነው። ሒሳቡን የሚያበላሸው ግን የምግቡ ዓይነት ሊሆን ይችላል። ጸሐፊው እንደዚህ ቢሉ ኖሮ እኔም ሼር አደርግላቸው ነበር።

"ያሻችሁን ያህል" የምትለዋ ቃል ግን አደገኛ ናት። እኔ ራሴ ዳቦና ሩዝ ትቼ ሁለት ወር የከረምኩበት ጊዜ ነበር። መጀመሪያ ሚዛኑ ዘጭ አለ፣ ከዚያ ቆመ። ግራ ሲገባኝ አንድ ጠዋት የዘይቱን ጠርሙስ የወጥ ቤት ሚዛን ላይ አስቀመጥኩና ቁጥሩን ያዝኩ። እንደ ወትሮዬ መጥበሻው ላይ ጠብ አደረግኩ። ሁለት እንቁላል ሰበርኩበት። ጠርሙሱን መልሼ ስመዝነው 38 ግራም ጎድሏል። ወደ 340 ካሎሪ ማለት ነው። ሁለቱ እንቁላሎች ራሳቸው 150 ገደማ ናቸው። ለካ ቁርሴ እንቁላል ሳይሆን ዘይት ነበር፣ እንቁላሉ ማጣፈጫው ነው! አንድ ግራም ካርቦሃይድሬት 4 ካሎሪ አለው፣ ፕሮቲንም 4፣ ቅባት ግን 9። ዘይት ክፉ ነው እያልኩ አይደለም። "ጠብ" ስንል እጃችን ምን ያህል እንደሚያፈስ አናውቅም ነው የምለው።

ቀጥሎ ያለው ከሁሉም በላይ ሰው የሚጎዳው ይመስለኛል፦ መቀነስ ያወፍራል የሚለው። በ1944 እና 1945 በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሴል ኪይስ የሚባል ሳይንቲስት 36 በጎ ፈቃደኛ ወንዶችን ይዞ ለስድስት ወር ያህል ምግባቸውን በግማሽ ገደማ ቀነሰባቸው። በዚያ ላይ በሳምንት 35 ኪሎሜትር ያህል ይራመዱ ነበር። ሰውነት በረሃብ ጊዜ ስብ ያከማቻል ከተባለ፣ መታየት የነበረበት እዚያ ነው። የሆነው ግን ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን ማጣታቸው ነው። ፎቶዎቹን ያየ ሰው ይሄን ክርክር አይከፍትም። የጎድን አጥንት ነው የሚቆጠረው።

ሜታቦሊዝማቸው አልቀነሰም ወይ? ቀንሷል፣ ያውም በጣም። ጸሐፊው እዚህ ላይ ግማሽ እውነት ይዘዋል። በ2016 በወጣ ጥናት የቴሌቪዥን የክብደት መቀነስ ውድድር ላይ የነበሩ 14 ሰዎች ከስድስት ዓመት በኋላ ሲለኩ፣ ሰውነታቸው ከሚጠበቀው በቀን 500 ካሎሪ ገደማ ያነሰ ነበር የሚያቃጥለው። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። በጥድፊያ መክሳት ዋጋ እንዳለው ያሳያል። ነገር ግን ፍጥነት ቀነሰ ማለት ወደ ኋላ ሄደ ማለት አይደለም። ዳገት ላይ ቀስ የሚል መኪና ቁልቁል እየወረደ ነው አይባልም።

"እኔ ግን ምንም ሳልበላ አልቀንስም" የሚል ሰው ሁላችንም እናውቃለን። እኔም እንደዚያ ብዬ አውቃለሁ። በ1992 የታተመ ዝነኛ ጥናት ልክ እንደዚህ የሚሉ ሰዎችን ወስዶ፣ በቀን የሚያቃጥሉትን በረቀቀ ዘዴ ለካ። ሜታቦሊዝማቸው ጤነኛ ነው። የበሉትን ግን በአማካይ 47 በመቶ አሳንሰው፣ እንቅስቃሴያቸውን 51 በመቶ አጋነው ነበር የጻፉት። ውሸታሞች ስለሆኑ አይደለም። ወጥ ሲቀመስ፣ የልጅ ትራፊ ሲጨረስ፣ ሻይ ላይ ስኳር ሲጨመር ማን ይመዘግባል? የኔ 38 ግራም ዘይትም ማስታወሻዬ ላይ "ትንሽ ዘይት" ነበር የሚለው።

ሌላው ምክንያት እዚያው የቅድሙ ውሃ ነው። ጠንከር ያለ ስፖርት የጀመረ ሰው ጡንቻው ለጥገና ውሃ ይይዛል። ሴቶች ላይ የወር አበባ ዑደት በሰፊው ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። ስለዚህ ስብ እየጠፋ ሚዛኑ ሁለት ሦስት ሳምንት ቀጥ ብሎ ሊቆም ይችላል። በዚህ ሰዓት "አየህ፣ ሰውነትህ ረሃብ ገባ ብሎ እያከማቸ ነው፣ ብላ!" የሚል ጽሑፍ የሚያነብ ሰው አስቡት። ልክ ሊሳካለት ሲል ያቆማል። በጽሑፉ የተናደድኩት በዚህ ነው። በየቀኑ ቁጥር ከማሳደድ የሳምንቱን አማካይ መውሰድ፣ በዚያም ላይ ወገብን በሜትር መለካት ይሻላል።

ሲትአፕ። እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። የቴኒስ ተጫዋቾች አንድ እጃቸውን ለዓመታት ከሌላው እጥፍ ድርብ ያሠሩታል። በ1971 የወጣ ጥናት የሁለቱን እጆች ከቆዳ ሥር ያለ ስብ ለክቶ ይሄ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘም። በ2011 ደግሞ 24 ሰዎች ተመርጠው ከፊሎቹ ለ6 ሳምንት፣ በሳምንት 5 ቀን የሆድ ስፖርት ሠሩ። ሆዳቸው ጠነከረ፣ ብዙ መሥራት ቻሉ። የሆድ ስባቸው ግን እንደነበረ ነው። ጡንቻ ሲሠራ የሚፈልገው ስብ በደም ነው የሚመጣለት፣ ከመላ ሰውነት ተሰብስቦ። ጎረቤቱ ያለው ስብ ቅድሚያ አይሰጠውም። የትኛው ቦታ ቀድሞ እንደሚሄድ የሚወስኑት ጾታ፣ ዘርና ሆርሞን ናቸው፣ እኛ አንጠየቅም። ለወገብ ጥንካሬ ሲትአፕ ሥሩ፣ ደስ ይበላችሁ። ለቦርጭ ግን በዚያ ሰዓት መራመድ ይሻላል።

መራመድም ቢሆን ተአምር አይጠበቅበትም። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 5 ኪሎሜትር ቢራመድ የሚያቃጥለው ወደ 250 ካሎሪ ነው። ያንን አንድ ጭብጥ ከግማሽ ኦቾሎኒ በሦስት ደቂቃ ይመልሰዋል። ስፖርት ብቻውን ክብደት ለመቀነስ ደካማ ነው። የቀነሱትን ለመጠበቅ ግን ሌላ ታሪክ ነው። አሜሪካ ውስጥ በ1994 የተጀመረ አንድ መዝገብ አለ፣ ቢያንስ 13.6 ኪሎ ቀንሰው ከአንድ ዓመት በላይ ያቆዩ ሰዎችን የሚከታተል። ከ10ሩ 9ኙ በቀን ወደ አንድ ሰዓት ገደማ ይንቀሳቀሳሉ። ክብደት ማንሳት ደግሞ ስትቀንሱ ጡንቻችሁ አብሮ እንዳይሄድ ይይዘዋል፣ ፕሮቲን በደንብ ከተበላ በተለይ። ጸሐፊው ስለ ጡንቻ አንድ ቃል አለመተንፈሳቸው ይገርመኛል። ለነገሩ ሚዛን ብቻ ለሚያይ ሰው ጡንቻ ቢጠፋም ደስታ ነው።

ላብ። ወይ ላብ! ይሄን እኔም ሞክሬዋለሁ፣ አልደብቅም። ሆዴን በምግብ መጠቅለያ ላስቲክ ጠምጥሜ፣ ላዩ ላይ ወፍራም ሹራብ ደርቤ ሮጥኩ። ከመውጣቴ በፊት 79.4፣ ስመለስ 78.1። ላስቲኩን ስፈታው ውሃ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። "ስቡ ይሄው!" አልኩ። ማታ ጠጥቼ በልቼ ስመዘን 79.3። ላብ የሰውነት ማቀዝቀዣ ነው፣ ውሃና ጨው። ስብ የሚሄድበትን መንገድ በ2014 ሁለት አውስትራሊያውያን ተመራማሪዎች አስልተውት ነበር። 10 ኪሎ ስብ ሲቃጠል 8.4 ኪሎው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ በአፍንጫና በአፍ ይወጣል፣ 1.6 ኪሎው ብቻ ነው ውሃ የሚሆነው። አዎ፣ የምንተነፍሰው ነው ስባችን። (ቁጭ ብሎ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ግን ያዞራል እንጂ አያከሳም፣ ቀድሜ ልንገራችሁ።) ላስቲኩ ደግሞ ቀልድ ብቻ አይደለም። በ1997 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ በአንድ ወር ገደማ ሦስት የኮሌጅ ትግል ተወዳዳሪዎች በላብ ክብደት ለማውረድ ሲታገሉ ሞተዋል። ወጣት ስፖርተኞች ነበሩ። ጸሐፊው ቢያንስ ይሄን አንቀጽ እንዲያነሱት በአክብሮት እለምናቸዋለሁ።

ከ30 በኋላ ሜታቦሊዝም ይሞታል የተባለው፣ አልሞተም። በ2021 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ከ29 አገሮች የተሰበሰበ ከ6,400 በላይ ሰዎችን መረጃ አየ፣ ከስምንት ቀን ሕፃን እስከ 95 ዓመት አዛውንት። የሰውነት መጠን ሲስተካከል ከ20 እስከ 60 ዓመት የሚቃጠለው ኃይል ያው ነው። የሚወርደው ከ60 በኋላ ነው፣ እሱም በዓመት 0.7 በመቶ ገደማ። በ35 ዓመት ሱሪ የሚጠበው ወንበር ስለበዛ፣ እንቅልፍ ስላነሰ፣ ጡንቻም ቀስ በቀስ ስለሳሳ ነው። ደስ የሚል ዜና ነው ይሄ፣ ጸሐፊው ለምን እንደሚያስፈራሩበት አልገባኝም።

የሎሚው ውሃ ምንም አያደርግም። በጣፋጭ መጠጥ ቦታ ከጠጣችሁት ግን ጎበዝ፣ ጠጡት።

የቀረችው ያቺ የመጨረሻዋ መስመር ናት፣ "በቂ እንቅልፍ ተኙ" የምትለው። ከጽሑፉ ሁሉ እውነተኛዋ እሷ ናት፣ እሳቸው ግን በሦስት ቃል አለፏት። በ2010 የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 10 ሰዎችን እኩል ካሎሪ እየቀነሱ፣ ለሁለት ሳምንት 8 ሰዓት ተኩል፣ ለሌላ ሁለት ሳምንት ደግሞ 5 ሰዓት ተኩል አልጋ ላይ እንዲቆዩ አደረጉ። በሁለቱም ጊዜ ሚዛኑ ላይ የወረደው ተመሳሳይ ነው፣ 3 ኪሎ ገደማ። በደንብ ሲተኙ ግን ከዚያ ውስጥ 1.4 ኪሎው ስብ ነበር። እንቅልፍ ሲያጡ 0.6 ኪሎ ብቻ። ቀሪው የሄደው ከጡንቻና ስብ ካልሆነው ሌላው አካል ነው። ሚዛኑ በሁለቱም ጊዜ ያው ቁጥር ነው ያሳየው።